ስርዝ ድልዝ

«ሶስት» አሉ አባባ።

እኔ የሻይ ትሪውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። «ሶስት ልጆች» ብለው ደገሙት፣ ረጋ ብለው፣ ፍርድ ቤት ለባለጉዳይ ቀጠሮ ሲነግሩ እንደሚሉት። ሲስተር ጥሩነሽም «ሶስት» ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈችው። በእርሳስ ቢሆን እንኳን ምን ነበረበት! በብዕር ነው የጻፈችው። እኛ ደሞ አራት ነን። ታላቅ እህቴ አልጣሽ አንድ፣ እኔ አሰፋች ሁለት፣ ገበያ የተላከው ወንድማችን ሶስት፣ ተሻለች አራት። ተሻለች አምስት ዓመቷ ነው፣ ቃል አይወጣትም፣ ሰፈሩ ሁሉ ዱዳዋ ነው የሚላት፤ እና በዚያች ደቂቃ ጓሮ ማድ ቤት ውስጥ ነበረች፣ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮባት። እማማን አየኋት። እማማ እንዝርቷን አየች። አልጣሽ ጥፍሯን አየች። ሻዩ ትሪው ላይ ፈሰሰ፣ አባባ «ቀስ በይ እንጂ አንቺ!» አሉኝ።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገ እሁድ ለአልጣሽ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። የሚመጡት ከአርቦዬ ነው፣ ሰባት ቤት ቆጥረው ካልጠየቁ የማይቀመጡ ሰዎች፣ ዱዳ ልጅ ካዩ ደግሞ «በዘራቸው አለ» ብለው ከደጅ ነው የሚመለሱት። ስለዚህ አባባ ወስነዋል፤ አጎቴ ግዛቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በእህል መኪና ወደ ሲሬ ሲመለስ ተሻለችን ይዟት ይሄዳል። «ሰርጉ እስኪያልፍ ነው» ይላሉ ሲጠየቁ። እኔ ግን ትናንት እማማ የተሻለችን ልብስ ስትቋጥር አየኋት። ጥር ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሷ የክረምቱን ሹራብ ሳይቀር አጥፋ ከተተችው።

አሁን ስለ ሲስተር ጥሩነሽ ካልነገርኳችሁ ልፈነዳ ነው! ከአዲስ አበባ ሐሙስ ነው የመጣችው። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር «ሰፈር የምታውቅና አፏ የማይደክም» ብለው ከሰባተኛ ክፍል እኔን መረጡላት፣ ሚዛን እንድሸከምላትና ቤት እንዳሳያት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጫማዋ ነጭ ነው፣ በዚህ በአሰላ አቧራ ነጭ! ሰዓቷን እጇ ላይ አይደለም የምታስረው፣ ደረቷ ላይ ገልብጣ ትሰካዋለች፣ ለሌላ ሰው ተዘቅዝቆ ለእሷ ብቻ ቀጥ ብሎ እንዲታያት። «እርስዎ» ስላት «ኧረ በማርያም አታስረጂኝ፣ አንቺ በይኝ» አለችኝ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ «አንቺ፣ አንቺ» ስል ዋልኩ። መዝገቧ ጀርባው ጠንካራ ነው፣ ላዩ ላይ «የሕፃናት አስተዳደግ ጥናት፣ አሰላ፣ ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.» ይላል። ልጁ መቼ ጥርስ አወጣ፣ መቼ ዳኸ፣ መጀመሪያ ያወጣው ቃል ምን ነበር፣ ሲደነግጥ ወደ ማን ይሮጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለች፣ ሰው ሁሉ የሚስቅባት፤ «ምን ያስቀዋል?»

አባባም ሳቁባት። «መንግሥት ደግሞ የልጅ ሳቅ መመዝገብ ጀመረ?» አሉ።

«የሚያስቀውን ያላወቁለት ልጅ ሲከፋው ማን ያውቅለታል ብለው ነው፣ አባት?» አለች። እንዲህ ብላ ለአባባ መለሰችላቸው! ለአቶ ወልደጻድቅ፣ ለፍርድ ቤቱ ዋና ጸሐፊ!

አባባ መልሱን አልወደዱትም መሰለኝ ወሬውን ወደ መዝገቧ አዞሩት። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ገጹን አዩና «ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው፣ ስርዝ ድልዝ የለውም» አሉ። ከአባባ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ሃያ ዓመት ሲጽፉ አንድ ቃል ሰርዘው አያውቁም። የተሰረዘበት ወረቀት ፍርድ ቤት ውስጥ የሚጸናው የሰረዘው ሰው ጎኑ ላይ «ስርዙ የኔ ነው» ብሎ ሲፈርም ነው፣ ለሳቸው ይሄ በአደባባይ ከመውደቅ አይተናነስም። «ያላየሁትን አልጽፍም፣ የጻፍኩትን አልሰርዝም» የምትል ንግግር አለቻቸው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትነገራለች። ዛሬም ተነገረች። እኔ ከትሪው ላይ ሻይ እየጠረግኩ «አይ አባባ» አልኩ፣ በሆዴ።

ከዚያ ወጣን። ሚዛኑን እኔ ያዝኩ፣ እንደ ቅርጫት ተንጠልጥሎ ልጅ የሚቀመጥበት ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላችን «እኔን! እኔን!» እያለ ይከተለናል። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ድንቹ፣ ሶስት እንቁላል በአስር ሳንቲም እያሉ የሚጣሩት። ሲስተር ጥሩነሽ ግን የምታየው ልጅ ብቻ ነው። እናት ጀርባ ላይ ያለውን፣ አጥር ስር የተቀመጠውን። አንዱ ቤት ገባን፣ ሴትዮዋ ገና ሳንቀመጥ «ይሄን ልጅ ጠበል ልወስደው ነው፣ ሰይጣን ገብቶበታል፣ ይነክሳል!» አለች። ሶስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጥግ ላይ ሆኖ ያፈጣል። ሲስተር ጥሩነሽ ምን አደረገች መሰላችሁ? በዚያ ነጭ ልብሷ መሬት ላይ ቁጭ! ኪሷ ውስጥ የቁልፍ ክር አላት፣ ትልልቅ የልብስ ቁልፎች በክር የተሰኩ፣ አወጣችና ለብቻዋ መጫወት ጀመረች፣ ልጁን ዞር ብላም አላየችው። ልጁ ጠጋ፣ ደሞ ጠጋ፣ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። ያኔ ነው ሴትዮዋን «መንከስ መቼ ጀመረ?» ያለቻት። ሴትዮዋ ቆጠረች፣ ቆጠረች፣ እና የሁለት ወር ጨቅላ ታቅፋ ቆማ «እንግዲህ... ይቺ ከተወለደች» አለች፣ ራሷ ስትሰማው ራሷ አፏን ያዘች። «አልጋውን ወሰደችበት፣ ጡቱን ወሰደችበት፣ እናቱን ወሰደችበት» አለች ሲስተር ጥሩነሽ፣ «አንቺ ብትሆኚ አትነክሺም?» ሴትዮዋ ሳቀች። ስንወጣ ልጁ የእህቱን እግር እንዲይዝ ሥራ ተሰጥቶት፣ ልክ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይዞ ነበር።

እኔ እኮ ልጅ የሚያድገው በልቶ ብቻ ይመስለኝ ነበር! እሷ ግን እየሄድን ነገረችኝ። ልጅን ሲያወሩት፣ ሲያዩት፣ ሲመልሱለት ውስጡ ያድጋል፣ ያንን የተከለከለ ልጅ ወተት ቢጠጣም ይቀጭጫል፣ አሁን በውጭ አገርም በኛም አገር እሱን ነው የሚያጠኑት አለችኝ። ሰው ስለ ልጅ ሲያወራ ቁጣና ቁንጥጫ ነበር የማውቀው። ጥናት! ስለ ሳቅ ጥናት! እኔ ሳድግ እሱን ነው የምሆነው፣ ወስኛለሁ፣ ሰዓቴንም ገልብጬ ነው የምሰካው።

ሰባት ሰዓት ላይ የባህር ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጥን፣ ሽንብራ ቆሎ ከኪሴ አውጥቼ አካፈልኳት። «አንቺንስ ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ሁሉም ነገር» አልኳት። «እቤትስ? ማን ነው እንዳንቺ የሚስቅ?» አለች። እንዲሁ ነው ያለችው፣ ለጨዋታ። እኔ ግን መልሱ አፌ ድረስ መጣብኝ። አባባ ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ዋጥኩት፣ ሁለት ጊዜ ዋጥኩት፣ ሶስተኛው እምቢ አለኝ።

«አራት ነን!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ፣ ዛፉ ላይ የነበረው ቁራ ተነሳ።

ሁሉንም ነገርኳት። ማድ ቤቱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሲሬን፣ የክረምቱን ሹራብ። ትናንት አባባ ከበስተኋላዋ «ጫማዬን አምጪ» ብለው ሶስት ጊዜ ጠርተዋት ስላልዞረች በጥፊ እንዳጠናገሯት፣ «አትናገርም እንጂ አትታዘዢ ማን አላት፣ እልኸኛ!» እንዳሉ። እያለቀስኩ ነው የማወራው፣ ንፍጤ ራሱ ሳይቀር። እሷ «በሽታዋ ምንድነው» አላለችኝም። «አባትሽ ለምን ዋሹ» አላለችኝም። መሐረብ ሰጠችኝና «ምን ያስቃታል?» አለች።

«ወፍጮ ቤት» አልኩ።

ስናገረው ያሳፍራል። ተሻለች በር ተከፍቶ ካገኘች ሩጫ ነው፣ ወደ ጋሽ አብዶ ወፍጮ ቤት፣ ጉንጯን ቆርቆሮው ላይ ለጥፋ ትቆማለች፣ ትስቃለች። ለዚህም ስንቴ ተገርፋለች። «የአቶ ወልደጻድቅ ልጅ ቆርቆሮ ትስማለች» ብለው ይሳሳቁብናል። ሲስተር ጥሩነሽ ብድግ አለች። «አሁኑኑ አሳዪኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን የቀረውን እየቆጠርኩ «ዛሬ እንኳን እዚያ የለችም፣ ተቆልፎባታል» አልኳት፣ ሄድን። ጋሽ አብዶ በር ላይ ቁና ይዞ ቆሟል፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄት ነው፣ ዱግ ዱግ ዱግ በሚለው መሐል ይጮሃል፣ «ደንበኛዬን ፈልጋችሁ ነው? በጓሮ ናት! ቁናውን በአስር ሳንቲም ነው የምፈጨው፣ እሷ ግን በነፃ ነው የምትሰማው!» በጓሮ ዞርን። አለች! ከዱቄት መውጫው መስኮት ስር፣ ቆርቆሮው በነጣበት ቦታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጉንጯን ለጥፋ፣ ትስቃለች። የማድ ቤቱ መቀርቀሪያ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም። ማን እንደከፈተላት ያኔ ገባኝ። እማማ ናት። የመጨረሻ ቀኗ ነው ብላ።

ሲስተር ጥሩነሽ አልጠራቻትም፣ አልጎተተቻትም። አጠገቧ ሄዳ የራሷን ጉንጭ ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች። ያ ነጭ ቆቧ ጠመመ። ተሻለች ዓይኗን ገለጠች፣ ፊት ለፊቷ ፊት አለ፣ እሱም ይንቀጠቀጣል፣ እና እንዲህ ስትስቅ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ሲስተር ጥሩነሽ ቀስ ብላ የተሻለችን ፀጉር ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ አሸተተች፣ ፊቷ ተለወጠ። «ጆሮዋ ይመግላል። ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላውቅም! እህቷ ነኝ፣ አንድ መደብ ላይ ነው የምንተኛው፣ አላውቅም!

እንዲህ ቆመን ሳለን ሀሊሜ መጣች። ሀሊሜ ወተት አምጪያችን ናት፣ ከከተማው በላይ ካለው ገጠር ነው የምትመጣው፣ ዛሬ ገብሷን በአህያ ጭና ለማስፈጨት ነው። ተሻለች ጀርባዋን ሰጥታታለች። ሀሊሜ በባዶ እግሯ መሬቱን ሁለቴ ረገጠች፣ ጧ ጧ፣ እና ተሻለች ዞረች! ስንጠራት የማትዞር ልጅ! ሀሊሜ ጡት እንደምታልብ እጇን ጨበጥ ለቀቅ አደረገች፣ ተሻለች ሆዷን አሻሸች፣ ጣቷን አወዛወዘች፣ መዳፏን እንደ ወፍጮ ድንጋይ አዞረች፣ ሀሊሜ ከት ብላ ሳቀች። ሶስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በራችን ላይ እንዲህ ሲያደርጉ አያለሁ፣ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ።

«እናት፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች ሲስተር ጥሩነሽ።

ሀሊሜ ጆሮዋን ያዝ አድርጋ «ዱዳ» አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለው። እኛም ሁልጊዜ «አዎ፣ እናውቃለን» ነው የምንላት። ጆሮዋን ስትይዝ ጉትቻዋን የምታስተካክል ይመስለኝ ነበር።

«ጆሮዎን ለምን ያዙ?»

«ዱዳ ነዋ!»

«ዱዳ የማይናገር ሰው አይደለም እንዴ?»

ሀሊሜ እሷንም እኔንም በየተራ አየችን፣ ሁለታችንንም ፀሐይ የመታን አስመስላ። «የማይናገር? እሱ ልጅ ቀኑን ሙሉ ነው የሚናገረው! አንቺ ዓይን የለሽም? አፍ አለው፣ እጅ አለው፣ ሁሉ አለው። ጆሮ ነው የሌለው። ዱዳ! ደግሞ ለእናቱ ነገርኩ፣ ለአባቱ ነገርኩ፣ አዎ እናውቃለን አሉኝ።»

ወይኔ! በሀሊሜ በኦሮምኛው ዱዳ ማለት የማይሰማ ነው! በኛ በአማርኛው የማይናገር ነው! ሶስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆመን አንድ ቃል ተለዋውጠን፣ እሷ ጆሮ ስትል እኛ አፍ እየሰማን፣ ተስማምተን ተለያየን። እኔ ደሞ ኦሮምኛ እችላለሁ እያልኩ ክፍል ውስጥ የምኮራው! ወተት ቅጂልኝ፣ ስንት ነው፣ ደህና ዋይ፤ በቃ ይሄው ነው ኦሮምኛዬ። ሲስተር ጥሩነሽ የገብስ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች፣ መጀመሪያ ሳቀች፣ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ ሞላ። «ቃል በጆሮ ካልገባ በአፍ ከየት ይውጣ» አለች። ቀጥላ ያደረገችው ነው እኔን የገደለኝ። እሷ ያን ያህል የተማረችው፣ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ሀሊሜን «ያስተምሩኝ» አለቻት። ወተት እንዴት ነው፣ ና እንዴት ነው፣ አመመኝ እንዴት ነው። ሀሊሜ የምታውቀው ከወንድሟ ከቱሳ ነው፣ ቱሳም ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። «ሚስት አለው» አለች ሀሊሜ በኩራት፣ «ከብት አለው፣ ገበያ ላይ ማንም አያታልለውም፣ ዋጋ በጣት ነው የሚከራከረው!»

ሲስተር ጥሩነሽ ደረቷ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ስምንት ተኩል አልፏል። ሀሊሜ አህያዋን ለጋሽ አብዶ ጥላ፣ ሲስተር ጥሩነሽ ተሻለችን በእጇ ይዛ፣ እኔ ሚዛኑን እንደ ከበሮ እያንጓጓሁ፣ ሮጥን።

መኪናው አጥራችን ሥር ቆሟል። አጎቴ ግዛቸው ጠረጴዛው አጠገብ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፣ ቋጠሮው ጠረጴዛው ላይ ነው። አባባ ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ሁላችንም አንድ ላይ በበሩ ስንገባ፣ ተሻለችን በነርሷ እጅ ሲያዩ፣ እኔን አዩኝ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ተሻለች እጇን አስለቅቃ ሄዳ እማማ እግር ስር ተቀመጠች፣ ከፈትሉ ልቃቂት ጋር።

«ወይዘሪት፣ የልጆቼን ቁጥር ሰጥቻለሁ» አሉ አባባ።

«ለቁጥሩ አይደለም የመጣሁት» አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ቆማ፣ ድምጿን ሳታነሳ። ጆሮዋ መታመሙን፣ የሀሊሜን ዱዳና የኛን ዱዳ። መግሉን አጥባ በጠብታ እንደምታክማት፣ ግን ትሰማለች ብላ ቃል እንደማትገባ። አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ዳኛ ፊት እንደሚሰሙት። ከዚያ «ዱዳም ሆነች ደንቆሮ ለነገዎቹ ሽማግሌዎች ያው ናት» አሉ። «ደግሞ ትሰማለች። ስጠራት አውቃ ነው የማትዞረው። እልኽ ነው።»

«ወልደጻድቅ፣ አንተ ደግሞ!» አለች ሀሊሜ። የሀሊሜ አማርኛ እርስዎ የሚባል የለውም። «ቱሳን አምጥቼ ላሳይህ?»

«ኧረ ተዪ አንቺ ሴትዮ!» አለ አጎቴ ግዛቸው። ክፉ ሰው አይደለም፣ የመኪናው ጉዳይ ነው ያጣደፈው። «ከጥጆቹ ጋር ትውላለች፣ ምን ትሆናለች? ሹፌሩ እኮ...»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋው። የጭነት መኪና ጥሩምባ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ፣ ረጅም! እማማ እንዝርቷን ጣለች። የአጎቴ ዱላ ወደቀ። አልጣሽ «በስመ አብ!» ብላ ዘለለች፣ ዶሮዎቹ ከጠረጴዛው ስር ተበታትነው ወጡ፣ አባባ ራሳቸው ባርኔጣቸውን ያዙ። ተሻለች ልቃቂቱን ወደ እማማ እግር አንከባለለችው። መልሳ ወደ ራሷ አንከባለለችው። ዓይኗ እንኳን አልተርገበገበም። ሹፌሩ ደገመው፣ የመስኮቱ መስተዋት ነዘረ፣ ተሻለች ልቃቂቱን አንከባለለች።

አባባ አዩ። ሁላችንም አባባን እያየን ነበር። ከበስተኋላዋ ሄዱና ጎንበስ ብለው፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ተሻለች» አሉ። «ተሻለችዬ።» ምንም። ልቃቂቱ ሄደ፣ መጣ።

«ከኩፍኙ በፊት እማ ትለኝ ነበር» አለች እማማ። ጠዋት እንዝርቷን ካየች ወዲህ ከእሷ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። «ሁለት ዓመቷ ነበር። እማ፣ ውሃ፣ ነይ። ከኩፍኙ ስትነሳ ጠፋ።»

ሲስተር ጥሩነሽ ወደ ሀሊሜ ዞራ «ተሻለች ለቤተሰቡ በእጇ ያወጣችው ስም አለ?» አለቻት። ሀሊሜ ፊቷ በራ፣ ተሻለች ፊት ቁጢጥ ብላ ወደ እማማ ጠቆመች። ተሻለች ጣቶቿን እንደ እንዝርት አሾረች። ወደ አልጣሽ ጠቆመች፤ ተሻለች ፀጉሯን መሐል ለመሐል እንደ ማበጠሪያ ከፈለች። አልጣሽ ሳትወድ ሳቀች። ወደ እኔ ጠቆመች፤ ተሻለች እጇን አፏ ጋ አድርጋ ጣቶቿን እንደ ዳክዬ አፍ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አደረገቻቸው፣ ማቆሚያ የለውም! ሁሉም ከት አለ፣ አጎቴ ግዛቸው እንኳን። ስም አለኝ! እህቴ ስም አውጥታልኛለች፣ አላወቅኩም ነበር!

«እኔስ?» አሉ አባባ። ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ሀሊሜ እጇን አላነሳችም። «ተወው» አለች። አባባ ግን እራሳቸው ደረታቸውን በጣታቸው ነክተው ለተሻለች አሳዩአት። ተሻለች አየቻቸው። ክርኗን አንስታ ጉንጯን ከለለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ማንም ማስተርጎም አላስፈለገውም።

አባባ ቋጠሮውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱትና እማማ ጭን ላይ አስቀመጡት። ወጡ። ከውጭ የሰማሁት «ሹፌር፣ ሂድ» የሚል ብቻ ነው፣ አጎቴ ዱላውን ለቅሞ እየሮጠ ደረሰበት። ተመልሰው ሲገቡ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነበር።

«መዝገቡን» አሉ።

ሲስተር ጥሩነሽ ሰጠቻቸው። ከደረት ኪሳቸው ብዕራቸውን አወጡ፣ ጠዋት «ሶስት» የተባለችዋን ፈለጉ፣ እና አባቴ፣ አቶ ወልደጻድቅ፣ ሃያ ዓመት ያልሰረዙት፣ መሐሏን በአንድ መስመር ሰረዟት። ከላይዋ «አራት» ብለው ጻፉ። ጎኑ ላይ ደግሞ «ስርዙ የኔ ነው» ብለው ፈረሙ፣ ሙሉ ፊርማቸውን፣ ከነጅራቱ። ታች ወረዱ። በአራተኛው ልጅ መስመር ስሟን ጻፉ፣ ዕድሜዋን ጻፉ፣ ኩፍኝ ብለው ጻፉ። መጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ብዕሩ ቆመ። ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ጥፊ ጠብቄ ነበር።

«ምንድነው የሚያስቃት?» አሉኝ።

«ወፍጮ ቤት፣ አባባ። ቆርቆሮው።»

ሊጽፉ ጎንበስ አሉና ተዉት። «ያላየሁትን አልጽፍም።»

ያን ጊዜ አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር፣ ገበያው እየተበተነ ነው፣ አሰላ ሙሉ መንገድ ላይ ናት። አባባ ፊት ፊት፣ በኮታቸው፣ ተሻለች የእማማን እጅ ይዛ፣ እኔና ሲስተር ጥሩነሽ ከነመዝገቡ፣ ሀሊሜ አህያዋን ልትወስድ፣ አልጣሽ እንኳን ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ። ነገ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም። አልጣሽም አታውቅም። ግን መንገድ ላይ አንድ ሰው «ወዴት ነው ሁላችሁም?» ሲላት «ወፍጮ ቤት» አለች፣ ቀና ብላ።

ጋሽ አብዶ አባባን ሲያይ ሊሰግድ ምንም አልቀረውም። በጓሮ ዞርን። ተሻለች ሮጣ ቦታዋን ያዘች። አባባ አጠገቧ ሲደርሱ ክርኗ ተነሳ። አባባ ቀጥ አሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉና አንዱን በአንዱ ያዙት፣ እንዲታያት ዘወር ብለው አሳዩአት። ከዚያ ጎንበስ፣ ደሞ ጎንበስ፣ ያን የተላጨ ጉንጫቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፉ። ሪዛቸው ይንቀጠቀጣል! ባርኔጣቸው ወደቀ፣ አላነሱትም! ተሻለች ከክርኗ ስር በአንድ ዓይኗ አየቻቸው። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ክርኗ ቀስ እያለ ወረደ፣ ጉንጯን ፊት ለፊታቸው ለጠፈች፣ እና ሳቀች።

ሲነሱ ግማሽ ፊታቸው ነጭ ነበር። እማማ በነጠላዋ ልትጠርግላቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈታቸው፣ በባዶው ቦታ ላይ «ወፍጮ» ብለው ጻፉ። አራት ነጥብ አደረጉ። ጥቂት አሰቡና ከጎኑ «አይቻለሁ» ብለው ጨመሩበት።